ጉንዳን የጎበኛቸው ብሎኬቶች

ጥር 21

ሞተር ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ጤናህን፣ ቀጥሎ ወገብህን፣ ቀጥሎ ያንን ሲያንቀጠቅጥህ የሚውለውን የኮንክሪት መኪናህን እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፣ ደስ ብሎኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ነገር ማሳጠር እንደማልችል ታውቃለህና ቁጭ ብለህ አንብብ። በስልክ ሲሆን አንተ "እትዬ፣ መንገድ ላይ ነኝ" ትላለህ፣ እኔ አኮርፋለሁ፣ ወሬው ሳያልቅ እንዘጋጋለን። በደብዳቤ እንጠያየቅ ያልከው አንተ ስለሆንክ የመጣብህን ቻል።

"እህትህ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ትዞራለች የሚሉኝ እውነት ነው ወይ?" ብለሃል። እውነት ነው። ማን እንደነገረህም አውቃለሁ፤ ይኸው ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው የአውቶቡስ ሾፌር ነው። በማለዳ ከአንዱ መጠጥ ቤት ጓሮ ጆንያ ተሸክሜ ስወጣ ተገጣጠምን። ጆንያው ቅጭልጭል ይላል። ባዶ ጠርሙስ እየሰበሰብኩ ነው ብዬ ባስረዳው "ባዶ ያደረገው ማን ሆነና?" ብሎኝ አለፈ።

አሁን ከሥሩ ልንገርህ። ባለፈው ክረምት የወንዙ ዳር ክፉኛ ተናደ። ወንዙን አልወቅሰውም፣ እሱ ድሮም በሚሄድበት መንገድ ነው የሄደው። አሸዋ የሚጭኑት መኪናዎች ናቸው ገደሉን ከሥሩ ሲዝቁት የከረሙት። ልጅ ሆነን በሆዳችን ተኝተን የምናያቸው፣ ገደሉን በስተው የሚኖሩት አረንጓዴ ወፎች ትዝ ይሉሃል? ግማሹ ቀዳዳቸው ከነጫጩቱ ወረደ። ያን ጊዜ እኛ የወንዙ ዳር ሴቶች ተነሣንና ማኅበር አቋቋምን። የሰፈሩ ስብሰባም አሸዋ ማውጣት እስከ ግንቦት ማብቂያ እንዲቆም ፈቀደልን። እስከ ግንቦት ብቻ።

የአሸዋው ነጋዴ (ጎማ ነው የምንለው፣ ሲሄድ ስለሚንከባለል) ተነሥቶ "ቤት የሚሠራ ሰው በምን ይሥራ? አሸዋ ከሌለ ሲሚንቶውን በእንባ ሊያቦካው ነው?" አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አፌ አላርፍ ብሎ "በጠርሙስ" አልኩ። የባሰ ሳቁ። የማዘጋጃ ቤቷ መሐንዲስ ግን አልሳቀችም። መስታወት እኮ ሲጀመር አሸዋ ነበር፣ በደንብ ከደቀቀ የአሸዋን ቦታ ይይዛል አለችና ነገሩ ቁም ነገር ሆኖ አረፈው። በግንቦት ብሎኬታችንን ክብደት በሚጭን ማሽን ትፈትነዋለች። ከቻለ የወንዙ ዳር ለዘለዓለም ይከለላል፣ ቤት የሚሠራም ከእኛ ይገዛል። ከተሰበረ መኪናዎቹ ይመለሳሉ። ከተመለሱ ደግሞ ቀጥሎ የሚወርደው የእናታችን ቤት ነው፤ ይኼን መሐንዲስ አይነግረኝም፣ ማታ ማታ መሬቱን እየሰማሁት ነው የምተኛው።

ክፍልህን ጠይቀሃል። ክፍልህ አሁን አየር በደንብ ይገባባታል። በዚህ አታስብ።

ሱቄን ልክፈት። ክርና ቁልፍ የሚገዛ ሰው ቢጠፋም መክፈት አይቀርም።

እትዬህ

የካቲት 6

እትዬ፣

ደህና ነኝ። "ደህና ነኝ ብቻ ብለህ አትጻፍ" ስለምትይኝ ልጨምርበት፤ በጣም ደህና ነኝ።

በፖስታው ጀርባ የጨመርሻትን ጥያቄ አይቻታለሁ። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ ስላጠረ ነው። አልሰከርኩም፣ አላገባሁም፣ አልታመምኩም። ጥያቄሽ ሦስቱንም የያዘ ስለመሰለኝ ነው አንድ ላይ የመለስኩት። ሥራም ደህና ነው። ለጊዜው እረፍት ላይ ነኝ፣ መኪናው ጥገና ገብቷል።

ጠርሙስ ብሎኬት ይሆናል ስትይኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩትና ሳቄን አቆምኩ፣ መሐንዲሷ ያለችው ውሸት የለበትም። ግን አደራ፣ እጃችሁን ጠብቁ። ጓንት ሳታደርጊ አንድ ጠርሙስ እንዳትነኪ። እጅ ቀልድ አይደለም።

ክፍሌ አየር ይገባባታል ማለት ምን ማለት ነው? መስኮቷ ተሰብሮ ነው? ክረምት ሳይገባ ልመጣ እችላለሁ፣ ምናልባትም ሰንበትበት እላለሁ። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሪልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ተኝቼ በመስኮቱ ወፎቹን ማየት እፈልጋለሁ። ራዲዮኔ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ካለ ፀሐይ እንዳይመታው አንሺው።

ለጎማ ሰላም በይልኝ። ሲንከባለል ገደሉ ጋ እንዳይደርስ ንገሪው።

ሞተር

የካቲት 24

ሞተሬ፣

ሰላምታዬ ይብዛልህ፤ ጠረጴዛህንም እግዜር ይማረው።

መስኮቷ አልተሰበረችም፣ እሱን እምልልሃለሁ። ራዲዮንህ እኔ ጋ ነው፣ አቧራውን ጠርጌዋለሁ፣ አንድ ጣቢያ ብቻ ቢይዝም ይናገራል። አልጋውን ግን ወደ በሩ ማዞር አልተቻለም። ምክንያቱን ስትመጣ ታየዋለህ።

አሁን ወደ ደስታዬ ልለፍ። የሰፈራችን በያጅ ከወዳደቀ ብረት መፍጫ ሠራልን። አሮጌ በርሜል፣ ውስጡ የብረት ኳሶች፣ በሞተር የሚዞር። ሲነሣ ድምፁ ቁርጥ አንተን ነው፤ ልጅ ሆነህ በከንፈርህ እየተርገበገብክ ግቢውን ስትዞር የነበረው ድምፅ። እኔ ሳቅሁ፣ ሌሎቹ ምን ነካት አሉ። ጠርሙሱ በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል እንደ ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ይወጣል። ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ቡኒው ሁሉ አንድ ላይ ሲደቅ ግራጫ ነው የሚሆነው፤ ያ ሁሉ ቀለም የት እንደሚገባ እንጃ። እኔ ቆንጆ ስለሆነ ትልልቁ ስባሪ ይግባ ብዬ ነበር። መሐንዲሷ "ትልልቁ ውሎ አድሮ ከሲሚንቶው ጋር ይጣላና ብሎኬቱን ይሰነጥቀዋል" አለችን፣ ስለዚህ ከሱቄ የመጋረጃ መረብ አምጥቼ ወንፊቱ ላይ ወጠርኩበት።

ለእጃችን አታስብ። ጡረታ የወጣችው ነርስ የማኅበራችን ሊቀመንበር ሆናለች፣ አንተ ከምትቆጣው የበለጠ ትቆጣናለች። ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ አቧራው እንዳይነሣ ውሃ መርጨት። በር ላይ ቆማ እጃችንን እያገላበጠች ታያለች። ከማኅበርተኞቻችን ልብስ ሰፊዋ "ቀዶ ጥገና ልንገባ ነው ወይስ ብሎኬት ልንሠራ?" ብትላት "ልዩነቱን ጓንትሽን አውልቀሽ ታይዋለሽ" አለቻት። ጠርሙስም ሳይታጠብ አይፈጭም። ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም።

ትልቁን ዕድል ሳልነግርህ። የለስላሳ መጠጥ መጋዘኑ ጊዜው ያለፈበትን ከነጠርሙሱ ስጦታ ሰጠን፣ ጋሪ ሙሉ ነው የመጣው። እኔና ልብስ ሰፊዋ ስንከፍት፣ ስንደፋ፣ በገንዳ ስናጥብ ዋልን። የቦኖውን ወረፋ ታውቀዋለህ፣ አንድ ጄሪካን ለመቅዳት ግማሽ ቀን ነው። ቢሆንም አንድ ጠብታ ውሃ አላባከንኩም። ሴቶቹ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ነው ያደነቁኝ።

የመጀመሪያዎቹን ብሎኬቶች አውጥተን በጥላ ሥር ደርድረናቸዋል። ማማራቸው። ገና አልጠነከሩም፤ በጣት ሲጫኗቸው ይሰረጉዳሉ፣ የሚያግዘን ግንበኛ ባየ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል። ሲሚንቶው አርጅቶ ይሆናል ይላል። ይጠነክራሉ ብያለሁ። ጉንዳኖቹ እንኳ ተሰልፈው ሊጎበኟቸው መጡ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይወጡባቸዋል፣ ይወርዱባቸዋል። ጎማ ባለፈው ብቅ ብሎ "ደንበኛ አግኝታችኋል" አለ። ይበል።

እትዬህ

መጋቢት 3

እትዬ፣

ሰላምታው በሚቀጥለው ይድረስሽ፣ አሁን ቸኩያለሁ። አውቶቡሱ ሊነሣ ነው።

ጉንዳኖቹ ምን ፈልገው ነው የመጡት? ሲሚንቶ የሚበላ ጉንዳን አይቼ አላውቅም። ያቺን ያላባከንሻትን ውሃ የት እንዳደረግሻት ጻፊልኝ። በእናታችን ይዤሻለሁ፣ ጠርሙሱን ባጠብሽበት ውሃ ሲሚንቶውን አላቦካሽውም አይደል?

እኛ የሚክሰር ሾፌሮች ከወንበራችን ሥር ምን እንደምንይዝ ነግሬሽ አላውቅም። ስኳር ነው። ለሻይ አይደለም። መንገድ ተዘግቶ ኮንክሪቱ በርሜሉ ውስጥ ሊደርቅ ሲል ስኳር እንጨምርበታለን፣ ያን ጊዜ አይይዝም። አንድ ጊዜ ድልድይ ላይ ተዘግቶብኝ ስኳሩን ገለበጥኩበት፣ መንገዱ እስኪከፈት እንደ ገንፎ ለስልሶ ቆየኝ። ስኳርና ሲሚንቶ አይስማሙም። ሲሚንቶው አላረጀም፣ ግንበኛውም አልተሳሳተም፣ አንቺ ለስላሳ አጠጥተሽው ነው።

ብሎኬቶቹን እንዳትጥያቸው። ስኳሩ በጣም ካልበዛ ይዘገያል እንጂ አይሞትም። ጥላ ሥር ይቀመጡ፣ በንጹሕ ውሃ ጠዋትና ማታ አርጥቧቸው፣ ማንም እንዳያነሣቸው። ለፈተናው ግን እነሱን አትመኑ፣ በንጹሕ ውሃ ሌላ ሥሩ።

ሁለተኛ ነገር። መስኮቷ ካልተሰበረች፣ ራዲዮኑ አንቺ ጋ ከሆነ፣ አልጋው ካልዞረ፣ ክፍሌ ምን ሆናለች? አሁን ቀጥ ብለሽ መልሺልኝ። የምጠይቅሽ ለወሬ አይደለም።

ሞተር

መጋቢት 17

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ "አላቦካሽውም አይደል" የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

አቡክቼዋለሁ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ገንዳውን እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶት ሳየው መድፋት አልሆነልኝም። እናታችን የልብስ እጥቢውን ውሃ ለወለል፣ የወለሉን ለአበባ ስታደርግ አይደል ያደግነው? እኔም ያንኑ ማድረጌ ነበር። ጣቴን ሳስነካው ሙጭጭ ብሎ ነበር፣ ለካ እሱ ነው። እኔ ለማያያዝ ይረዳል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለሴቶቹ እንዴት ነገርሻቸው ትለኝ ይሆናል። ሰብስቤ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ነርሷ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፤ እሷ ስትቆጣ እንዲህ ነው። በኋላ "እጠቡ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ውሃው የት ይሂድ እንዳልል የከለከለኝ የለም" አለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ብሎኬቶቹን እየተመለከተች "እኔ እኮ ጉንዳኖቹ ሥራችንን ወደውት መስሎኝ ነበር" አለች። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው? ነርሷ ሳትቀር እንባዋ ወረደ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ማታ ቤቴ ስገባ ሳቄ አልተከተለኝም። ግማሹ ሲሚንቶ አለቀ። ግንቦት ደግሞ አይጠብቅም። ጎማ መጥቶ አንዱን ብሎኬት በጣቱ ወጋ አደረገና ጣቱን ላሰው። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

አዲሶቹን በንጹሕ ውሃ ጀምረናል። ወረፋውን ሴቶቹ ተከፋፍለውታል። የዘገዩትን ጥላ ሥር ትቻቸዋለሁ፣ ጠዋትና ማታ አርሳቸዋለሁ። ሰው ሲያየኝ ችግኝ የተከልኩ ይመስለዋል።

አሁን ቀጥ ብዬ ልመልስልህ። ክፍልህ የለችም።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናብ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ላይ ሄደች። እኔ የፊቱ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፣ አልተነካሁም። መጀመሪያ ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ያን ጊዜ ገብቼ ሣጥንህንና ራዲዮንህን አወጣሁ። አልጋውን ግን ብቻዬን አልቻልኩትም። መስኮቷ አልተሰበረችም ያልኩህ እውነቴን ነው፤ ሳትሰበር ነው የሄደችው፣ ከነመጋረጃዋ። አየር ይገባባታል ያልኩህም ውሸት አልነበረም። ብቻ እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት በምን ይሻላል?

ለምን አልነገርሽኝም ብትል፣ አንተ እዚያ ሩቅ ሆነህ "ክፍሌ" ስትል ደስ ይለኝ ነበር። ክፍልህ እስካለች ድረስ አንተም ሄድክ እንጂ ቀልጠህ አልቀረህም። ይቅር በለኝ።

አንተስ? ሾፌሩ ፖስታውን በግራ እጅህ እንደተቀበልከው፣ ቀኝህን ከኪስህ እንዳላወጣህ ነገረኝ። ጠረጴዛህ ስንት እግር እንዳለው አሁን ንገረኝ።

እትዬህ

ሚያዝያ 4

እትዬ፣

ጠረጴዛዬ አራት እግር አለው። ደህና ጠረጴዛ ነው።

እጄ ነው። ከመኪናው ኋላ ኮንክሪቱ የሚወርድበት አሸንዳ አለ፤ ሳጥፈው እጄ መሃል ገባ። ሐኪሞቹ ያቅማቸውን አደረጉ። አውራ ጣቴና ቀጥሎ ያለው ይንቀሳቀሳሉ፣ ሌሎቹ አሉ ግን አይሰሙኝም። ማርሽ መቀየር አልችልም። ጥገና የገባሁትስ እኔ ነኝ፣ መኪናውን ሌላ ሰው ይዞት እየሠራ ነው። በየቀኑ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ በድምፁ አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ማርሽ ላይ ያስነጥሳል፣ አዲሱ ሾፌር ገና አላወቀለትም።

የዚህን ያህል ስለ ክፍሌ የጠየቅሁሽ የምመለስባት እሷ ብቻ ስለነበረች ነው። አልተቆጣሁም። የምቆጣበት አፍ የለኝም፣ እኔም አልነገርኩሽም። እንዲያውም ሳነብ መጋረጃዋ ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ያንን ሰማያዊ መጋረጃ አልወደውም ነበር።

ግን አሁን አልመጣም። አንቺ የምትኖሪባት አንዲት ክፍል ናት፣ እሷም መሬቷን እየሰማሽ የምትተኝባት። እኔ ደግሞ መጥቼ በአንድ እጄ ምን ላደርግልሽ? እዚህ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሥራ አለ ብለውኛል። በር መክፈትና መዝጋት ነው፣ በግራ ይቻላል።

ብሎኬቶቹስ? የዘገዩትን ማለቴ ነው። በጥፍርሽ ጫሪያቸውና ድምፃቸውን ጻፊልኝ።

ሞተር

ግንቦት 23

ወንድሜ፣

ይኼ ደብዳቤ የዘገየው ልነግርህ የምችለው ነገር ስላልነበረኝ ነው። አሁን ግን ብዙ አለኝ፣ ከየቱ እንደምጀምር ቸግሮኛል።

እጅህን አላለቅስበትም። አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ ሱቁን ዘግቼ፣ ክሮቹ መሃል። ከዚያ ሾፌሩን ጠርቼ "ፊቱስ? ፊቱ ምን ይመስላል?" አልኩት፤ "ፊቱ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን ወንበር የፈለገ ይመስላል" አለኝ። እሱ ሰውዬ አንዳንዴ ይገርመኛል።

"ፈተናው እንዴት ሆነ?" ብለህ በሾፌሩ ልከህብኛል። አላየሁትም። እዚያው ነበርኩ፣ ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስለዚህ ሌሎቹ እንደነገሩኝ ልንገርህ። መጀመሪያ የጎማን የአሸዋ ብሎኬት አስገቡ፣ እሱ ራሱ ነው ይወዳደር ብሎ ያመጣው። ጫኑት፣ ጫኑት፣ አንድ ቦታ ላይ ጧ አለ። ቀጥሎ የእኛ ገባ። እዚህ ላይ ነርሷ እጄን ያዘች፤ የደም ግፊት የምትለካኝ መስሎኝ ተውኳት። ማሽኑ አቃሰተ። ልብስ ሰፊዋ በጆሮዬ "አሁን አለፈው፣ የጎማን አለፈው" ትላለች፣ እኔ እሷንም አላመንኳት። ጧ ሲል ዓይኔን ገለጥኩ። የእኛም ተሰብሮ ነበር፣ ግን የጎማን ብሎኬት ርቆ ካለፈ በኋላ ነው የተሰበረው። መሐንዲሷ "የሚሰበርበትን ማወቅ ስላለብኝ ነው፣ ከሚፈለገው በላይ ችሏል" አለች። ጎማ ስባሪውን አንሥቶ ሸተተው፤ "ዛሬ አይጣፍጥም" አለና ለራሱ ሳቀ። ሲወጣ ብሎኬቶቻችሁን የሚያመላልስ መኪና ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ነርሷን ጠየቃት። እያሰብንበት ነው። መኪናው የሚመጣው ግን በላይኛው መንገድ ብቻ ነው።

የወንዙ ዳር ተከለለ። ስብሰባው ወስኗል፣ አጥር ለማጠር ችካል ሊተከል ነው፤ ሣርና ዛፍ እንተክላለን። ወፎቹ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ጀምረዋል። የእናታችንን ቤት መሬት መሐንዲሷ መጥታ አየችው፤ ከእንግዲህ ከሥሩ ካልተነካ ይቆያል ብላለች። ያን ዕለት ምንም ሳልሰማ ተኛሁ።

የዘገዩትን ብሎኬቶች ድምፅ ጠይቀህ ነበር። በጥፍሬ ጫርኳቸው፣ ጥፍሬ ተሰበረ። አንድ ላይ ሳጋጫቸው እንደ ሸክላ ይጮሃሉ። መሐንዲሷ አንዱን ለማወቅ ያህል ብላ ከማሽኑ ሥር አስገባችው፣ እሱም ቻለ። ዘግይተው ነው እንጂ ይዘዋል። ጉንዳኖቹም ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል።

አሁን ማኅበሩ ያዘዘኝን ልጻፍ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የትምህርት ቤቱ አጥር ነው። ማቡካቱ ላይ ግን እንጣላለን፣ አንዷ ቀጠነ ስትል ሌላዋ ወፈረ ትላለች። ስብሰባ ላይ እኔ "ወንድሜ በርሜሉ ሲዞር በድምፁ ብቻ ያውቃል" አልኩ። ነርሷ "በጆሮው ከሆነ እጁን ምን እናደርገዋለን?" አለች። ማቡካቱን አንተ እንድትይዝ ሁሉም እጁን አወጣ፣ ያልደገፈ የለም። ስለዚህ የምትገባበት በር አለህ፣ ጠባቂውም አንተ አይደለህም።

እትዬህ

ሰኔ 3

እትዬ፣

የብሎኬቶቹን ነገር አብረውኝ ለሚኖሩት ሾፌሮች አነበብኩላቸው። "ጉንዳኖቹም ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል" የሚለውን ሦስቴ አስደገሙኝ። አንዱ ከወንበሩ ሥር ያለውን ስኳር ለማኅበራችሁ ሊልክ ነው፤ ለሻይ ነው በዪ።

ነርሷ ያለችውን ግን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ለብቻዬ።

እትዬ፣ መምጣቱን እፈልጋለሁ። አልዋሽሽም። መኪናው በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ መስማት ከብዶኛል። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንዳትስቂብኝ። የት ነው የማድረው? በዚህ ዕድሜዬ ከእህቴ አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፌ፣ አንቺም እኔ እንዳልነቃ በእግር ጣትሽ እየሄድሽ፣ እንደዚያ አልችልም። ማንም ሰው ቢሆን ራሱ የሚዘጋው በር ያስፈልገዋል።

ሞተር

ሰኔ 14

ሞተር፣

ሰላም ብዬህ ስለ ጤናህ ሳልጠይቅ ወደ ጥያቄህ እገባለሁ፣ ምክንያቱም መልሱን እስከ ዛሬ አፌ ላይ ይዤ ልታመም ደርሼ ነበር። በግንቦቱ ደብዳቤ ላይ እንዳልጽፈው ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶዬን ቀምታኛለች።

የዘገዩትን ብሎኬቶች ማኅበሩ ለገበያ አላወጣቸውም። ነርሷ "ጥንካሬያቸውን አላማም፣ ታሪካቸው ግን ሰው ያስቃል" አለች። ስለዚህ ለእኔ ተመደቡልኝ፤ ያበላሸኋቸው እኔ፣ ያሳደግኋቸውም እኔ። ግንበኛው መጣ፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ በፊት ለፊት፣ የድሮው የዶሮ ቤት የነበረበት ላይ ግድግዳ አቆመ። አንድ ክፍል ናት። ትልቅ አይደለችም፣ አልጋና ጠረጴዛ ትይዛለች፤ ጠረጴዛው አራት እግር አለው፣ ቆጥሬዋለሁ። በወንዙ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ያልተፈጨ ጠርሙስ ደረደርንበት፤ ጀርባው ወደ ውጭ፣ አፉ በውስጥ ተደፍኖ። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ወለሉ ላይ አረንጓዴና ቡኒ ክብ ክብ ብርሃን ያርፋል። ያ ሁሉ ቀለም የት ይገባል ብዬህ አልነበር? ጥቂቱ እዚያ ነው ያለው። ከአጠገቡ እውነተኛ መስኮት አለ፣ አልጋህ ሲዞር ወፎቹ ይታያሉ። መጋረጃው ሰማያዊ አይደለም።

ራዲዮንህ ከደፉ ወረድ ብሎ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ተቀምጧል።

ከግንበኛው ጋር የተጣላሁት በበሩ ብቻ ነው። ማጠፊያውን እንደማንኛውም ሰው ቤት አድርጎ ሊገጥመው ሲል ወደ ሌላው በኩል አዙረው አልኩት። "ሰው ሁሉ በቀኝ ነው የሚከፍተው" አለኝ። ሰው ሁሉ ይሁና፣ ይኼ የወንድሜ በር ነው አልኩት። እያጉረመረመ ገለበጠው።

ሾፌሩ ሐሙስ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ። ዝናቡ ጀምሯል፣ ግን ጣሪያው አያፈስም፣ እኔ ራሴ ሥሩ ቆሜ ሞክሬዋለሁ።

ብቻ ቶሎ ና። በሩ በግራ እጅ ነው የሚከፈተው፣ እኔ ደግሞ አቧራ ልጠርግ በገባሁ ቁጥር በቀኜ እየሳብኩት ግንባሬን እየመታ አሳበጠው።

እትዬህ